ፊደል ከተቆጠረ በኋላ፤ በገዳሪፍና በድንበሩ ዙሪያ የክፍል ቤተ መጻሕፍት ታሪክ

ፊደል መቁጠርና ማንበብ አንድ ነገር አለመሆናቸውን በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳት የሚወርድ፥ በሰሌዳ የተጻፈለትንም ቃል አጥርቶ የሚጠራ ልጅ፥ ያልለመደው ገጽ በተዘረጋለት ጊዜ ድምፁ ይሰልላል፤ ጣቱም ከመስመሩ ላይ ይቆማል። ይህ ልጅ ብዙ ጊዜ «ሰነፍ» ይባላል። እየቆየም ስሙን ይቀበለዋል፤ የንባብ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ከኋላ መቀመጫ መሸሸግን ይለምዳል፤ ከትምህርት ቤትም በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የቆጠረውን ፊደል ይረሳዋል።

የዚህ ዐይነቱ ልጅ ጉዳይ በየአገሩ አለ። ነገር ግን በምሥራቅ ሱዳን፥ ከገዳሪፍ አንሥቶ እስከ ጋላባትና መተማ ባለው የድንበር አገር፥ ጉዳዩ ከሌላው ይልቅ ጎልቶ ይታያል። በዚያ ሁለት ፊደሎችና ብዙ ቋንቋዎች ይገናኛሉ፤ ሰውም በጦርነትና በረኃብ ምክንያት ወሰኑን ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ተሻግሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ አካባቢና በሁለቱ ጎረቤት አገሮች መጽሐፍን ከልጅ እጅ ለማድረስ የተደረገውን ጥረት በቅደም ተከተል ተመልክቶ፥ ለዛሬው አስተማሪ የሚጠቅመውን ፍሬ መልቀም ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሁለት ፊደል ገበያ

ገዳሪፍ ከጋላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ጥንት በሹክሪያ ጎሣ አለቆች ስም «የአቡ ሲን ገበያ» ትባል ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ የባቡር ሐዲድ ደረሰላት፤ በ1940ዎቹም በአካባቢዋ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላ እርሻ ተጀመረ፤ ሰሊጥም ከዚያ ወዲህ ትልቁ ሀብቷ ሆነ። ሥራ ባለበት ሰው ይሰበሰባልና ከሹክሪያና ከበጃ ሌላ፥ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ሐውሳና ፈላታ፥ ከዳርፉር በኩል የመጡ መሳሊት፥ ከወሰኑ ወዲህም አማራ፥ ትግሬ፥ ቅማንትና ሌሎችም በገበያዋና በእርሻዋ ተደባልቀው ኖረዋል። መተማ በታሪክ መጽሐፍ የምትታወቀው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1889 በወደቁበት ጦርነት ነው። ከጦርነቱ በፊትም ሆነ በኋላ ግን የጎንደር ነጋዴ ቡናውንና ማሩን ጭኖ የሚወርድባት፥ ከሱዳን የመጣውንም ሸቀጥ ይዞ የሚመለስባት የንግድ በር ነበረች።

በዚህ አገር ልጅ ወደ ንባብ የሚገባባቸው ሁለት የጥንት በሮች ነበሩ። በኢትዮጵያ በኩል ልጁ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ አቡጊዳን፥ ቀጥሎም መልእክተ ዮሐንስን፥ ወንጌሉንና በመጨረሻ ዳዊትን ይደግማል። ንባቡም ግዕዝ፥ ውርድና ቁም እየተባለ በየደረጃው ይከፈላል። በሱዳን በኩል ደግሞ ልጁ ኸልዋ በሚባለው የቁርአን ትምህርት ቤት ከእሳት ዙሪያ ይቀመጣል፤ ሎሕ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ ከጥቀርሻና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም ይጽፋል፤ የጻፈውን በቃሉ ሲይዝ ሰሌዳውን አጥቦ ሌላውን ይቀጥላል።

ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። መንግሥት ትምህርት ቤት ባልነበረው ዘመን ፊደልን ጠብቀው ለትውልድ ያስተላለፉ እነርሱ ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ግን ልጁ የሚያነበው ቃል ከአፉ ቋንቋ የተለየ ነበር፤ አንዱ ግዕዝ፥ ሌላው የቁርአን ዐረብኛ ነው። መጽሐፉም ጥቂትና ውድ ስለ ነበረ፥ ብዙውን ጊዜ ልጁ የሚያነበው ቀድሞ በቃሉ የያዘውን ነበር። ስለዚህ ዳዊትን ሳይሰናከል የሚወርድ ልጅ ከዘመድ የመጣ ደብዳቤ ሲሰጠው ሊቸገር ይችላል፤ ብዙ ሱራ በቃሉ የያዘውም የገበያ ማስታወቂያ ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲከፈት ይህን ልማድ ከሁለቱም ወረሰ። አንድ የንባብ መጽሐፍ ለዓመት ይሰጣል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግመዋል፤ ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቹ መጽሐፉን ሳይከፍቱ ይሉታል። የማንበብ ችግር ያለበት ልጅ በዚህ ጩኸት ውስጥ ተሸሽጎ ያልፋል፤ ችግሩ የሚገለጠውም ዘግይቶ ነው።

የበኽት ኤር ሩዳ ሥራ

በሱዳን ይህን ነገር በዕቅድ ለመለወጥ ከተነሡት መካከል ቀዳሚው የበኽት ኤር ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። ማሠልጠኛው በ1934 በነጭ ዓባይ ዳር፥ በዱዌም ከተማ አጠገብ ተከፈተ። አገሩ ያን ጊዜ በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ሥር ነበር፤ የማሠልጠኛውም የመጀመሪያ ኃላፊ ሚስተር ቪ. ኤል. ግሪፊትስ ይባሉ ነበር። ከእርሳቸው ጋር ሆነው ሥራውን ያቆሙት ሱዳናዊው መምህር ዐብዱራሕማን ዐሊ ጣሃ ኋላ በ1948 የመጀመሪያው ሱዳናዊ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ማሠልጠኛው ከካርቱም ርቆ በገጠር እንዲቆም የተደረገው፥ ወደ መንደር የሚላከው አስተማሪ የመንደር ኑሮ እንዳይጠላ ታስቦ ነው።

የበኽት ኤር ሩዳ አሠራር ዛሬም ሊጠና የሚገባው ነው። አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ ሲዘጋጅ በማሠልጠኛው አጠገብ ባሉት የመለማመጃ ትምህርት ቤቶች አስቀድሞ ይፈተናል፤ ልጆቹ ያልገባቸው ይታረማል፤ ከዚያም አስተማሪዎች ተጠርተው አጠቃቀሙን ይማራሉ፤ መጽሐፉም ወደ አገሩ ሁሉ የሚሰራጨው ከዚህ በኋላ ነው። ለመጽሐፉ ዳኛ የሆነው ልጁ ነበር ማለት ይቻላል።

ዐብዱራሕማን ዐሊ ጣሃ ያዘጋጁት «በሱዳን የኑሮ ማግኛ መንገዶች» የተባለው የጂኦግራፊ መጽሐፍ የዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው። መጽሐፉ የወንዝና የተራራ ስም ከመዘርዘር ይልቅ ተማሪውን በአሳብ እየወሰደ፥ በሰሜን በጎልድ፥ በምዕራብ በባባኑሳ፥ በደቡብ በያምቢዮና በሌሎችም ቦታዎች የሚኖሩ እኩዮቹን ቤት ያስጎበኘዋል፤ ምን እንደሚበሉ፥ ቤታቸውን በምን እንደሚሠሩ፥ አባቶቻቸው በምን እንደሚተዳደሩ ያሳየዋል። በዚያ መጽሐፍ የተማሩ ሰዎች ከሸመገሉ በኋላ እንኳ የጉብኝቱን ስንኞች በቃላቸው ሲሉ መሰማታቸው፥ ልጅ ራሱንና እኩዮቹን ያገኘበትን መጽሐፍ እንደማይረሳ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ የመማሪያ መጽሐፍ ብቻውን እንደማይበቃ እነዚያ መምህራን ቶሎ አስተዋሉ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያን ጊዜ አራት ዓመት ብቻ ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ከዚያ በላይ አይቀጥሉም፤ ወደ እርሻና ወደ ከብት ጥበቃ ሲመለሱ ደግሞ የሚያነቡት ነገር ስለማያገኙ ትምህርቱ ከእጃቸው ይጠፋል። ስለዚህ በ1946 በካርቱም የኅትመት ቢሮ ተቋቋመ፤ አወድ ሳቲም መሩት። ቢሮው በቀላል ዐረብኛ ትንንሽ መጻሕፍት ማሳተም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም «አስ ሲብያን»፥ ማለት «ልጆቹ»፥ የተባለውን የልጆች መጽሔት አወጣ።

በመጽሔቱ ውስጥ ተረት፥ እንቆቅልሽ፥ ሥዕልና ቀልድ ነበረበት። «አማክ ታንጎ» የተባለው አስቂኝ ሰው በሱዳን ልጆች ዘንድ የቤተ ዘመድ ያህል የታወቀ ነበር፤ ከሥዕል ሠሪዎቹም አንዱ ኋላ በሙዚቃው ስሙ የገነነው ሸርሐቢል አሕመድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የኅትመት ቢሮው መምህራን ቀልድን ከቁም ነገር አላሳነሱም። ለመሳቅ ብሎ ገጹን የሚገልጥ ልጅ ሳያውቀው አንባቢ ሆኖ እንደሚገኝ ተረድተው ነበር። በመጽሔቱ ያደጉት ልጆች ብዛት ይህን አሳባቸውን አጽንቶላቸዋል።

የበኽት ኤር ሩዳ ሥራ ጉድለትም ነበረው። መጻሕፍቱ ሁሉ በዐረብኛ የተጻፉ ስለ ነበሩ፥ በቤቱ በጃኛ ወይም ሐውሳ ለሚናገር ልጅ፥ ይልቁንም ከኢትዮጵያ በኩል ለመጣው፥ የመጀመሪያው ገጽ እንኳ ተራራ ነበር። የገዳሪፍ አካባቢ ደግሞ እንዲህ ያሉ ልጆች ከሚበዙባቸው አገሮች አንዱ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል

ከወሰኑ ወዲህም ነገሩ የተለየ አልነበረም። ከ1941 ነፃነት በኋላ ትምህርት ቤት በየጠቅላይ ግዛቱ ሲከፈት የንባብ መጽሐፍ እጥረት ታላቅ ነበር። ክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ»፥ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በ«ተረት ተረት የመሠረት» ለልጅ የሚጥም አማርኛ አቀረቡ፤ የተማሪ ቤት ልጅም በእነዚህ መጻሕፍት የአራዊትን ብልሃትና የሰውን ጠባይ በገዛ ቋንቋው አነበበ። ነገር ግን ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከእንዲህ ያለው መጽሐፍ የነበራቸው አንድ ወይም ሁለት ቅጅ ሲሆን፥ እርሱም በዲሬክተሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ ነበር።

በ1979 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን በ1980 ዩኔስኮ ከሚሰጣቸው ዓለም አቀፍ ሽልማቶች አንዱን አስገኘ። የዘመቻው አዘጋጆች ፊደል የቆጠረ ሰው መልሶ መሃይም እንዳይሆን በመስጋት በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤቶች እንዲቆሙ አደረጉ። ይህ አሳብ በኽት ኤር ሩዳ ከደረሰበት አሳብ ጋር አንድ ነው። ብዙዎቹ ንባብ ቤቶች ግን አልዘለቁም። በመደርደሪያቸው ከነበረው አብዛኛው የፖለቲካና የእርሻ መመሪያ ሲሆን፥ ለልጅ የተጻፈ ጥቂት ነበር፤ ሥርዐቱም በ1991 ሲወድቅ ብዙዎቹ ባለቤት አጡ።

ከዚያ በኋላ በተነሡት መካከል የአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሥራ የሚጠቀስ ነው። አቶ ዮሐንስ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ፥ በመደርደሪያቸው የብዙ አገር ቋንቋ የልጆች መጽሐፍ ሲኖር የአማርኛ አለመኖሩን አዩ። የታወቀውን የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው አሳተሙ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ2003 በአዲስ አበባ በሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ጥቂት ቆይቶም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። ልጁ ወደ መጽሐፉ መምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሄዳል የሚለው አሳብ ለድንበር አገር ታላቅ ትምህርት አለበት።

የስደት ዘመን

በገዳሪፍ አካባቢ የኢትዮጵያውያን ስደት ረጅም ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ በሑመራና በመተማ በኩል በተደረገው ጦርነት ብዙ ሰዎች ወሰኑን ተሻገሩ፤ ከገዳሪፍ ከተማ አጠገብም የታዋዋ ሠፈራ ተመሠረተ። በ1984 እና 1985 ረኃቡና ጦርነቱ በተባበሩ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ወረደ፤ ኡም ራኩባ የተባለው መጠለያም ያን ጊዜ ስደተኞችን ተቀበለ። በ2020 መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከ60,000 በላይ ሰዎች በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ተሻገሩ፤ ኡም ራኩባም እንደ ገና ተከፈተ፤ ቱናይድባ የተባለው መጠለያም ተጨመረ።

በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት መጠለያው ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ይጀመራል። አስጀማሪዎቹም ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ስደተኛ የሆኑ መምህራን ናቸው፤ በዛፍ ጥላና በድንኳን ልጆችን ሰብስበው፥ ደብተር ሳይኖር በአሸዋ ላይ እያስጻፉ ያስተምራሉ። በ1984 የተቋቋመው የሱዳን የርቀት ትምህርት ድርጅትም በስደተኞች ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ መምህራን የማሠልጠኛ ትምህርት በጽሑፍ ያዘጋጅ ነበር፤ መምህሩ ከመጠለያው ሳይወጣ ሙያውን እንዲያሻሽል ያደረገ መልካም ሥራ ነው።

ሆኖም ስደተኛ ልጅ ከሌላው ልጅ የከበደ የንባብ ችግር አለበት። በሑመራ ወይም በመተማ የግዕዙን ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ጀምሮ ሳይጨርስ ይሰደዳል። በገዳሪፍ ከተማ ወደ ሱዳን ትምህርት ቤት ከገባ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውን ዐረብኛ ከመጀመሪያ ይጀምራል። ዐረብኛውን ሊይዝ ሲል ቤተ ሰቡ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ወይም ወደ ሌላ መጠለያ ይዛወራል። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሁለት ፊደል የቆጠረ፥ በሁለቱም ግን አንድ ገጽ ጨርሶ የማያነብ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ዕድሜው ከክፍሉ ልጆች ስለሚበልጥ ያፍራል፤ ስለሚያፍርም ዝም ይላል። መምህሩም ዝምታውን ስንፍና አድርጎ ይቆጥርበታል። እንዲህ ያለው ልጅ ሦስትና አራት ቋንቋ የሚሰማ፥ በገበያ ለእናቱ አስተርጓሚ የሆነ፥ ሒሳብን በቃሉ የሚያሰላ ብልህ ሊሆን ይችላል። የጎደለው በሚያውቀው ቋንቋ የተጻፈ፥ ለዐቅሙ የሚመጥን፥ ከእጁ የሚደርስ መጽሐፍ ነው።

ይህ ዕጣ ለኢትዮጵያዊው ልጅ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች ለተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። በዚያው ዓመት ዩኒሴፍ በሱዳን ሁሉ 19 ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ገበታ መራቃቸውን አስታወቀ። ከሸሹትም ብዙዎች በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረው መጀመሪያ በኩመርና በአውላላ፥ ኋላም በአፍጢጥ መጠለያ ተቀመጡ። «አስ ሲብያን»ን ያነበቡ ሰዎች የልጅ ልጆች በአማራ ክልል መጽሐፍ አልባ ሆነው ተገኙ ማለት ነው።

በክፍል ውስጥ መጽሐፍ ሲኖር

መጽሐፍ በክፍል ውስጥ መኖሩ በእርግጥ ለውጥ ያመጣልን? ይህን ለመመርመር በ1980 እና 1981 በፊጂ ደሴቶች የተደረገው ጥናት የታወቀ ነው። ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የንባብ መጽሐፍ እምብዛም በሌላቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ለየክፍሉ 250 ሥዕል ያለባቸው የተረት መጻሕፍት ሰጡ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ሲሆን ለልጆቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነበር። በአንዳንዱ ክፍል መምህሩ ጮክ ብሎ ከልጆቹ ጋር ያነባል፤ በሌላው ልጆቹ የመረጡትን ዝም ብለው ያነባሉ። ከስምንት ወር በኋላ በንባብ ያሳዩት እድገት መጽሐፍ ካልተሰጣቸው ልጆች በእጥፍ ያህል በልጦ ተገኘ።

በኢትዮጵያ ደግሞ በ2010 በስምንት ክልሎች ከ13,000 በላይ ልጆች በንባብ ተፈትነው ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶው ለክፍላቸው ከሚመጥን ተረት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ በሦስተኛ ክፍልም ይህ ቁጥር 20 ከመቶ ነበር። ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲታዩ የችግሩንና የመድኃኒቱን መጠን ያመለክታሉ። ሐኪሙም በየክፍሉ ያለው መምህር ነው።

የመደርደሪያው አሠራር

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት የመጽሐፉ ቦታ ነው። በቢሮ የተቆለፈ መጽሐፍ ለንብረት መዝገብ እንጂ ለልጅ አይጠቅምም። የክፍል ቤተ መጻሕፍት ሲባል ትልቅ ቤት አያስፈልግም፤ የሰሊጥ ነጋዴ የጣለው የእንጨት ሣጥን ይበቃል። ሣጥኑ ክዳን ቢኖረውና ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ቢቀመጥ ከምስጥና ከእርጥበት ይድናል። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በክረምት መንገዱን ስለሚዘጋ መጽሐፍ የሚመጣው ከዝናብ በፊት ነው። በ2021 በቱናይድባና በኡም ራኩባ ዐውሎ ነፋስ ድንኳኖችን እንዳፈረሰ የሚያስታውስ መምህርም ሣጥኑ በሁለት ልጅ የሚነሣ እንዲሆን ያደርጋል። ሕዝቡ በሚሰደድበት አገር ቤተ መጻሕፍቱም ሊሰደድ የሚችል መሆን አለበት።

ሁለተኛው የመጽሐፉ ዐይነት ነው። አንድ ሺህ ገጽ ያለው የተለገሰ መጽሐፍ ሣጥኑን ይሞላል፥ ልጁን ግን ያባርራል። ስምንት ወይም ዐሥራ ስድስት ገጽ ያለው፥ በየገጹ ሥዕልና ሁለት መስመር ያለበት ቀጭን መጽሐፍ የተሻለ ነው፤ ልጁ በአንድ ቀን ጨርሶት «መጽሐፍ ጨረስሁ» ለማለት ይበቃልና። ዛሬ በ2014 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው የአፍሪካ ተረቶች ሥራና ይህን የመሳሰሉት ጥረቶች ትንንሽ ተረቶችን በአማርኛ፥ በትግርኛና በሌሎችም የአፍሪካ ቋንቋዎች ያለ ክፍያ ስለሚሰጡ፥ የማተሚያ መሣሪያ ያለበት ትምህርት ቤት በወረቀት ዋጋ ብቻ ሊያገኛቸው ይችላል።

መጽሐፍ ፈጽሞ በማይገኝበት ደግሞ ክፍሉ ራሱ ይሠራዋል። ልጁ ከአያቱ የሰማውን ተረት ይናገራል፤ መምህሩ እንደ ተናገረው ይጽፍለታል፤ ልጁ ሥዕሉን ይሥላል፤ ገጾቹም በመርፌና በክር ተሰፍተው ከካርቶን ሽፋን ይደረግላቸዋል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን ልጅ ያቦካው ከሁሉ አስቀድሞ ይነሣል፤ የእኩያቸው ስም በሽፋኑ ላይ ያለበትን መጽሐፍ ልጆቹ ይሻሙበታልና። ሁለት ፊደል ባለበት የድንበር ክፍልም አንዱን ተረት ከአንዱ ሽፋን በአማርኛ፥ ከሌላው ሽፋን በዐረብኛ መጀመር ይቻላል። አንዱ ከግራ፥ ሌላው ከቀኝ ስለሚጻፍ ሁለቱ በመጽሐፉ መካከል ይገናኛሉ። ሁለት ፊደል የጀመረው ያ ዝምተኛ ልጅ ሁለቱንም ወገን መግለጥ የሚችል የክፍሉ ብቸኛ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የመምህሩ ጠባይ ነው። መምህሩ በየቀኑ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፤ ተረቱ ከሚያጓጓበት ሲደርስም ያቁምና መጽሐፉን በሣጥኑ ውስጥ ይተውላቸው። በነፃ ንባብ ሰዓት ጥያቄና ማርክ አይኑር፤ ያልወደደውን መጽሐፍ የመለሰ ልጅም አይወቀስ። ለመጽሐፉ መዝገብ ጠባቂነት ከጎበዞቹ ይልቅ ንባብን የሚሸሸው ልጅ ቢሾም ይጠቅማል። የመጽሐፉን ርእስና የተዋሹን ስም በየቀኑ ለመጻፍ ሲል ሳይታወቀው ያነባል። በዕድሜ የገፋው ተማሪ ቀላል መጽሐፍ መያዝ ካሳፈረው ለአንደኛ ክፍል ልጆች እንዲያነብ ይታዘዝ፤ ያን ጊዜ ቀላሉን መጽሐፍ የሚያነበው እንደ ታላቅ ወንድም ነው፤ ኀፍረቱም ወደ ክብር ይለወጣል።

አራተኛው የመምህራን ማኅበርንና የትምህርት ቤት አስተዳደርን የሚመለከት ነው። መጽሐፍ በቁም ሣጥን የሚቆለፈው ብዙ ጊዜ በመምህሩ ክፋት አይደለም። መጽሐፉ ቢቀደድ ወይም ቢጠፋ በርክክብ ጊዜ ከደመወዙ የሚከፍለው እርሱ መሆኑን ስለሚፈራ ነው። ይህ ፍርሃት እስካለ ድረስ ስለ ንባብ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ከቁልፉ በፊት ይቆማል። በአገልግሎት ያረጀ መጽሐፍ እንደ ኖራ ጠመኔ ያለቀ ዕቃ ሆኖ እንዲሰረዝ ሥርዐት ሊወጣለት ይገባል። ከብዙ እጅ መተላለፍ የተነሣ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ሥራውን የሠራ መጽሐፍ ነው፤ ከዓመት እስከ ዓመት አዲስ ሆኖ የሚቆየው ግን ለመምህሩ ሊያስጨንቀው ይገባል።

በኽት ኤር ሩዳ የቆመው በቅኝ ገዥዎች ዘመን፥ የንባብ ቤቶቹ በአብዮት ዘመን፥ የኡም ራኩባ ድንኳን ትምህርት ቤትም በስደት ዘመን ነው። መንግሥታቱ ተለዋውጠዋል፤ ወሰኑም ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። በሁሉም ዘመን ግን አንዳንድ መምህራን ፊደል ያስቆጠሩትን ልጅ ባዶ እጁን አንሰደውም ብለው ተነሥተዋል፤ የሠሩትም ሥራ በተማሪዎቻቸው አንደበት ከመንግሥታቱ ዕድሜ በላይ ቆይቷል። ዛሬ በመተማ የአማርኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ሱዳናዊ ልጅና ትናንት በገዳሪፍ የዐረብኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ኢትዮጵያዊ ልጅ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ እርሱም የሚነበብ ነገር ይሰጠን የሚል ነው። ጥያቄውን ለመመለስ የሚያስፈልገው ሣጥን፥ ወረቀት፥ መርፌና ክር ከማንኛውም መምህር ዐቅም በላይ አይደለም።